የአሮጌ ጌም አዲስ ልብስ

በዚህ ወር የ"ሳይንስና ቴክኖሎጂ" አምድ ተራው የ7ኛ "ለ" ስለሆነ ዕጣው እኔ ላይ ወጣ። ልጽፍ የፈለግኩት ስለ ጌም ነው። "ደግሞ ስለ ጌም!" የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ውስጡ ሒሳብም አለ፣ አይ ሲ ቲም አለ፣ ሽሮ ሜዳም አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር አለኝ።

ጌሙ የትኛው ነው?

ታላቅ ወንድሜ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለው። አዲስ ጌም አይችልም፤ ሲከፈት ራሱ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ስለዚህ ወንድሜ የሚጫወተው የድሮ ጌም ነው። ሞሮዊንድ ይባላል። "ዘ ኤልደር ስክሮልስ" ከሚባሉት ተከታታይ ጌሞች ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው አሬና የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ቀጥሎ ዳገርፎል በ1996፣ ሞሮዊንድ በ2002፣ ኦብሊቪዮን በ2006፣ ስካይሪም በ2011 ወጡ። የሚሠራቸው ቤተስዳ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሞሮዊንድ በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ነው የወጣው። እንግዲህ ከእኔም ከእናንተም በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው፣ ተነስተን ወንበር ልንለቅለት ይገባል!

ይህ ዓይነቱ ጌም "ሮል ፕሌይንግ" ይባላል። እንደ ኳስ ጌም ጎል ቆጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ልክ እንደ ድራማ ክበባችን አንድ ገጸ ባሕርይ ትይዛላችሁ። ነጋዴ፣ ወታደር ወይም ሌባ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከዚያ ትልቅ አገር ውስጥ እየዞራችሁ ሰው ታናግራላችሁ፣ ሥራ ትቀበላላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፣ ትለውጣላችሁ። ችግሩ ምንድን ነው? ጌሙ አሮጌ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ግድግዳው ከሩቅ ግድግዳ ይመስላል፣ ሲጠጉት ግን የፈሰሰ ሽሮ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ነው "ሞድ" የሚባለው የሚመጣው። ሞድ ማለት ጌሙን የሠራው ድርጅት ሳይሆን ተጫዋቾች ራሳቸው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ወይም የሚቀይሩት ነገር ነው። ከሞዶች ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው ቴክስቸር መቀየር ነው። ምክንያቱም ኮድ መጻፍ አይፈልግም። ሥዕል በሥዕል መተካት ብቻ ነው።

ቴክስቸር ማለት ምንድን ነው?

እናቴ ስትነግረኝ ድሮ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ቤቱን የሚያቆመው እሱ ነው። ጋዜጣው ግን ስስ ነው፤ ሥራው ማሳመር ብቻ ነው። ጌም ውስጥም እንደዚያ ነው። ቤቱም፣ ዛፉም፣ ሰውዬውም መጀመሪያ የሚሠሩት ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ነው። ይህ "ሜሽ" ይባላል። ብቻውን ቢታይ ቀለም የሌለው የጭቃ ምስል ነው የሚመስለው። ከዚያ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ሥዕል ይለጠፍበታል። ቴክስቸር የሚባለው ይህ ሥዕል ነው።

"ጠፍጣፋ ሥዕል ሰው ላይ እንዴት ይለጠፋል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ ሽሮ ሜዳ አለ። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እጅጌውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ ይቆርጣል። ጨርቁ ጠፍጣፋ ነው፤ ሲሰፋ ግን ሰው ያለብሳል። የጌም ቀሚስ ቴክስቸር ብትከፍቱም እንደዚያው ነው፦ እጅጌው አንድ ጥግ፣ ደረቱ ሌላ ጥግ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። የትኛው የሥዕሉ ክፍል በየትኛው የገላ ክፍል ላይ እንደሚያርፍ የሚናገረው ካርታ "ዩ ቪ" ይባላል።

ስም ሲጠራ "አቤት" የሚለው ማነው?

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ይህን ከተረዳችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ሜሹ ውስጥ ሥዕሉ ራሱ የለም። ያለው የሥዕሉ ስም ብቻ ነው። ጌሙ ሲከፈት ልክ መምህራችን ጠዋት ስም እንደሚጠሩት የሥዕሎቹን ስም ይጠራል። ሞሮዊንድ ሲሸጥ ሥዕሎቹ በሙሉ "ቢ ኤስ ኤ" በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ እንደ ጆንያ ታስረው ነው የሚመጡት። ግን ጌሙ "ቴክስቸርስ" የሚባል ፎልደርም ይመለከታል። እዚያ ፎልደር ውስጥ በተመሳሳይ ስም ሌላ ሥዕል ካገኘ የጆንያውን ትቶ እሱን ይወስዳል።

ማለትም ተማሪው ታሞ ቀርቶ ሌላ ልጅ በእሱ ስም "አቤት!" ካለ ጌሙ ቀና ብሎ ሳያይ ምልክት ያደርጋል። (ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ ክልክል ነው፤ ጌም ላይ ግን ይቻላል።) ስሙ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ግን አይሠራም። እኔ አንዴ በስሙ መካከል ያለችውን ሰረዝ ረስቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ "ለምን አልተቀየረም?" እያልኩ ስናደድ ነበር።

የድሮው መንገድ ያመጣብኝ ጣጣ

አምና ክረምት ላይ ነው። ወንድሜ ሥራ ሄዷል። እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህም ከዚያም በፍላሽ ያጠራቀማቸው ቴክስቸሮች አሉት፤ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ከቷቸዋል። እኔ ደግሞ ጓደኛዬ ቤት ሌላ የቴክስቸር ስብስብ አገኘሁ። ድንጋዩ ድንጋይ የሚመስል፣ እንጨቱ እንጨት የሚመስል ነው። ላስደንቀው ብዬ ኮፒ አድርጌ እዚያው ፎልደር ላይ ፔስት አደረግኩት። ኮምፒውተሩ "ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች አሉ፣ ልተካቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ "ሁሉንም ተካ" አልኩት።

ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ።

ማታ ወንድሜ ሲከፍተው ከተማው ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእኔ ሆኗል። አንድ ቤት ፊቱ ድንጋይ፣ ጀርባው ጭቃ! መብራት ሲጠፋ እየተገለበጠ የነበረው ፋይል ደግሞ ተበላሽቶ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር የስህተት መልእክት ያወጣል። "አንቺ ነሽ አይደል?" አለኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዋናው የጌሙ ሥዕል ጆንያው ውስጥ ስላለ አልጠፋም። የወንድሜ የሦስት ዓመት ስብስብ ግን በላዩ ላይ ስለተጻፈበት ሊመለስ አልቻለም። ሪሳይክል ቢን ውስጥም የለም፣ ምክንያቱም የተተካ ፋይል እንደተሰረዘ ፋይል እዚያ አይገባም።

የድሮው መንገድ ችግሩ ይኼ ነው። አዲሱን ጋዜጣ ለመለጠፍ አሮጌውን መቅደድ። የቀደደ ሰው መመለስ አይችልም።

ቀላሉ መንገድ

ወንድሜ ሁለት ሳምንት ካኮረፈኝ በኋላ ራሱ አንድ መፍትሔ ይዞ መጣ። "ኦፕን ኤም ደብልዩ" ይባላል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኛ ሰዎች ያለ ክፍያ የሠሩት ሞሮዊንድን የሚያስኬድ አዲስ ሞተር ነው። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ግን የጌሙን ዋና ፋይሎች ይፈልጋል፣ እሱ ሞተሩ ብቻ ነው፣ መኪናውን እናንተ ታመጣላችሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በዚህ መንገድ ጋዜጣው አይቀደድም፤ በላዩ ላይ ሌላ ይደረባል። እንዲህ ነው፦

1ኛ. ለእያንዳንዱ ሞድ የራሱን ፎልደር ትከፍታላችሁ። ከጌሙ ፎልደር ውጭ ይሁን።

2ኛ. በዚያ ፎልደር ውስጥ "ቴክስቸርስ" የሚል ፎልደር አድርጋችሁ ሥዕሎቹን ታስገባላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሞዱን ከታሸገበት ሲያወጣ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ይፈጠርና ጌሙ ሥዕሉን አያገኘውም።

3ኛ. ለኦፕን ኤም ደብልዩ የፎልደሮቹን አድራሻ በዝርዝር ትሰጡታላችሁ።

4ኛ. ሁለት ሞዶች አንድ ዓይነት ስም ያለው ሥዕል ካላቸው በዝርዝሩ ላይ ከታች ያለው ያሸንፋል። እንደ ምንጣፍ አስቡት፤ መጨረሻ የተነጠፈው ነው የሚታየው።

5ኛ. ካልወደዳችሁት ያንን አንድ መስመር ታጠፋላችሁ። የድሮው ምንም ሳይሆን ይመለሳል። መብራት ቢጠፋም የሚበላሸው አዲሱ ብቻ ነው።

ኦብሊቪዮንና ስካይሪም ላይ ደግሞ "ሞድ ኦርጋናይዘር" የሚባል ፕሮግራም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሞዶቹን በየፎልደራቸው ያስቀምጥና ጌሙን "ሁሉም አንተ ጋ ናቸው" ብሎ ያሞኘዋል።

ትንሽ ሒሳብ

የቴክስቸር ጎንና ቁመት አብዛኛውን ጊዜ የ2 ርቢ ነው፦ 256፣ 512፣ 1024። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ነው፤ 2 ርቢ 8 እኩል ይሆናል 256፣ 2 ርቢ 10 እኩል ይሆናል 1024። አሁን ተመልከቱ። 256 በ256 የሆነ ሥዕል 65,536 ነጥቦች አሉት። 1024 በ1024 የሆነው ደግሞ 1,048,576። ጎኑ 4 ጊዜ ሲያድግ ነጥቡ 16 ጊዜ አደገ!

ሳይታመቅ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ይፈጃል። ስለዚህ 1024 በ1024 የሆነው 4 ሜጋባይት ነው። 4096 በ4096 የሆነው 64 ሜጋባይት ነው። የወንድሜ ኮምፒውተር የግራፊክስ ካርድ ያለው ማስታወሻ 256 ሜጋባይት ነው። 64 ሲባዛ በ4 እኩል ይሆናል 256። በቃ፣ አራት ግድግዳ ስታለብሱት ሞላ! ለዚህ ነው ሥዕሎቹ "ዲ ዲ ኤስ" በሚባል ዓይነት የሚቀመጡት። ውስጡ "ዲ ኤክስ ቲ 1" የሚባለው አጨማመቅ 64ቱን ሜጋባይት ወደ 8 ያወርደዋል። ይሁንና ለአሮጌ ኮምፒውተር 512 ወይም 1024 ይበቃል። "ትልቅ ስለሆነ ያምራል" ብላችሁ አትሸወዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲ ዲ ኤስ ስታስቀምጡ "ሚፕማፕ" የሚለውን ምረጡ። ይህ የዚያው ሥዕል ትንንሽ ቅጂዎች ናቸው፤ በየጊዜው በግማሽ እያነሱ ይሄዳሉ። ዕቃው ሲርቅ ጌሙ ትንሹን ቅጂ ይጠቀማል። ከሌለ ከሩቅ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። የሚጨምረው ቦታ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

እኔ የሠራሁት

አባዬ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ በእኛው በጉለሌ፣ በሸማኔዎቹ የታወቀ ሰፈር እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቀሚስ መሰል ረዥም ልብስ ይለብሳሉ። ታዲያ "ለምን ጥለት አላለብሳቸውም?" አልኩ።

አባዬ ሽመናው ላይ የዘረጋውን ጥለት በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ጂምፕ በሚባል ነፃ ፕሮግራም አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩ። ቀጥሎ ያለው ከባድ ነበር፤ ሥዕሉ ጎን ለጎን ሲደጋገም መጋጠሚያው እንዳይታይ ማድረግ። ዘዴው ሥዕሉን ለሁለት ከፍሎ ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር ነው። ያኔ መጋጠሚያው መሐል ላይ ይመጣና በግልጽ ይታያችኋል፤ እሱን ታስተካክላላችሁ። የጥለት ነገር ደግሞ መደጋገም ስለሆነ አባዬ "ስንት ክር ላይ እንደሚመለስ ቁጠሪው" ብሎኝ ቆጥሬ ስቆርጠው ምንም ማስተካከል ሳያስፈልገው ገጠመ። ያኔ ፎቶውን ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኩትም ነበር።

የሱቅ ባንዲራ ላይ ደግሞ በግዕዝ ፊደል "ሱቅ" ብዬ ጻፍኩ። ሞሮዊንድ አማርኛ አይችልም። ግን ሥዕል ፊደል መቻል አይፈልግም፤ የሳላችሁትን ያሳያል። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በባንዲራው ጀርባ ዞር ስል ተገልብጦ "ቅሱ" ሆኖ አገኘሁት፤ ፊደሎቹም ፊታቸውን አዙረዋል። ሁለቱም ጎኖች አንድ ሥዕል ስለሚጋሩ ነው። ወንድሜ እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ።

ብዥ ያለ ሥዕል በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያጎሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው "ኢ ኤስ አር ጋን" የሚባለው ለሞሮዊንድ ቴክስቸሮችም ውሏል። ጥሩ ነው፤ ግን የሌለውን በግምት ነው የሚሞላው። ወንድሜ የጥለቱን ትንሽ ፎቶ በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አጉልቶ ለአባዬ ሲያሳየው አባዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ "ይሄ ክር ከየት መጥቶ የት ገባ?" አለ። እውነትም ክሩ መሐል ላይ ጠፍቷል። ማሽኑ ጨርቅ መምሰሉን እንጂ ድርና ማግን አያውቅም።

አባዬ የጠየቀኝ ጥያቄ

አሁን ደስ የማይለው ክፍል ነው። በዚያው ቀን አባዬ ጌሙን አየ። ሴትዮዋ በጥለቱ አጊጣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አየና ፈገግታው ጠፋ።

"ይሄ የሽመናው ላይ አይደለም እንዴ?"

"አዎ አባዬ፣ ፎቶ አንስቼ ነው።"

"ይሄ'ኮ የሰው ሠርግ ነው። ባለቤቷ ገና አልለበሰችውም። ለማን ሰጠሽው?"

እኔ ደግሞ ሰጥቼው ነበር! ለክፍላችን ሁለት ልጆች በፍላሽ ገልብጬላቸዋለሁ። ደንበኛዋ ጥለቱ ሌላ ሰው ላይ እንዳይታይ ብላ ከአባዬ ጋር ተቀምጣ ቀለሙን መርጣለች። አባዬ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "በማሽን የታተመ ጥለት ገበያው ላይ በርካሽ የሚሸጠው ከየት የመጣ ይመስልሻል? የሆነ ሰው ፎቶ አንስቶ ነው" ብቻ ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። አባዬ ቀናት የሚፈጅበትን ጥለት እኔ በአንድ ጠቅታ ወሰድኩት። ቀላል መሆኑ ጥሩ ነው ብዬ ይህን ሁሉ ጻፍኩላችሁ፤ መውሰድም እንደዚያው ቀላል መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ከሞዶች ጋር የሚመጣውን "ሪድ ሚ" የሚባል ጽሑፍ አስነበበኝ። ብዙ ሞድ ሠሪዎች "ሥዕሌን ሳታስፈቅዱ በራሳችሁ ሞድ ውስጥ አትጠቀሙ" ወይም "ስሜን ጠቅሳችሁ ተጠቀሙ" ብለው ይጽፋሉ። እኔ ያን ጽሑፍ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አባዬ ከሳጥን ውስጥ የአያቴን ነጠላ አወጣና "ይሄን አንሺ፤ ይሄ የኛ ነው" አለኝ። አሁን ጌሙ ውስጥ ያለው ቀሚስ የእሱን ጥለት ነው የለበሰው። ሪድ ሚው ላይ "ጥለቱን የሸመነው አባቴ ነው፤ ፈቅዶልኛል" ብዬ ጽፌያለሁ። ይህኛውን የፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ፣ እሰጠዋለሁ።

ልመናዬ

የመጀመሪያውን ሞድ ከወሰዱት ሁለት ልጆች አንዱ ወዲያው አጠፋልኝ። ሌላው ግን ከዚያ በፊት ለሌላ ልጅ አስተላልፎታል፤ ያም ለሌላ። ፎልደሩ "ሽሮ ሜዳ ቀሚስ አንድ" ይላል። ፍላሻችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ እባካችሁ አጥፉልኝ። የላካችሁለት ሰው ካለም ንገሩት። ሠርጉ ለጥር ነው፣ ገና ጊዜ አለ። ማን እንደያዘው አልጠይቅም።

የወሩ ጥያቄ፦ 2048 በ2048 የሆነ ቴክስቸር ሳይታመቅ ስንት ሜጋባይት ይሆናል? በዲ ኤክስ ቲ 1 ሲታመቅስ? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ያላችሁበትን ክፍል መጻፍ አትርሱ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መልካም የጥናት ጊዜ። ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ "ለ" ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል